ለፋሲካ የታሰበ ሽንኩርት

እናቴ ሽንኩርት ስትገዛ ላያት ችሎት የተቀመጠች ዳኛ ትመስላለች። አንዱን ታነሳለች፣ አንገቱን በአውራ ጣቷ ጫን ታደርጋለች፣ ታሸተዋለች፣ ከዚያ ወይ ወደ ዘንቢሏ ወይ ወደ ክምሩ ትመልሰዋለች። የሰፈራችን ባለጉልት ጠባይዋን ስለምታውቅ ምንም አትላትም። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም እኩሌታው ላይ ግን ዳኝነቷም አላዳናትም። ቅዳሜ የገዛችው አምስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ረቡዕ ላይ መሽተት ጀመረ። ሰባቱን ጥላ፣ የቀረውን ልጣ ዘይት ውስጥ ጨመረችውና ስልኳን አንስታ መቂ ወደሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ደወለች።

"ሽንኩርት ነው ውሃ ነው የምትሸጡልን?" አለችው፤ ሰላምታ እንኳን ሳታስቀድም።

አጎቴ ሳቀ። "እትዬ፣ በስልክ አይሆንም። ነይና እይው" አላት።

እንግዲህ የሄድነው በዚህ ምክንያት ነው። ሆሳዕና ሳምንት ሲቀረው፣ ዓርብ ማለዳ፣ እናቴ፣ እኔና የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ መኪና ውስጥ ገባን። ልጄም የራሱ ጉዳይ ነበረው። በረንዳችን ላይ በቆርቆሮ ባልዲ የተከለው ቲማቲም ፍሬ ይዞለት ነበር፤ ሆኖም ፍሬዎቹ ሁሉ ቂጣቸው እየጠቆረ አስቸግሮታል። አንዱን ቆርጦ በወረቀት ጠቅልሎ "ለአጎትሽ አሳያቸዋለሁ" ብሎ ኪሱ ከቶታል።

ሞጆ ስንደርስ ወደ ሐዋሳ የሚወስደውን አዲሱን የፍጥነት መንገድ ትተን በአሮጌው እንድንሄድ የጠየቀችው እናቴ ናት። በፍጥነት መንገድ ላይ ቆሞ ሐብሐብ የሚሸጥ ሰው የለም፤ ለእሷ ደግሞ መንገድ ማለት የሚሸጠው ነገር ነው። በቆቃ በኩል ስናልፍ ውሃው ከሩቅ ያንጸባርቃል፤ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ምንጣፍ የመሰለው እምቦጭ ነው። ዓለም ጤናን ካለፉ በኋላ ግራና ቀኙ ግራር የተበተነበት ደረቅ ሜዳ ነው፤ የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ መሬቱ አመድ ለብሷል። ከዚያ መቂ ሲቃረብ ድንገት አረንጓዴ ይመጣል። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ከዚያ ጃንጥላ የዘረጋ የሚመስል ፓፓያ። በአንዱ ማሳና በጎረቤቱ ደረቅ መሬት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቦይ ብቻ ነው።

መቂ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች ይነሳና ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። በሌላው ወገን ከአርሲ ተራሮች የካታር ወንዝ ይመጣል። ሐይቁ በደቡብ በኩል በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይፈስሳል። ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ሳለ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ሦስት ሜትር አይሞላም፤ ሰፊ ትሪ ላይ የተዘረጋ ውሃ ማለት ነው። በስምጥ ሸለቆው ፀሐይ ከዚህ ትሪ ላይ በዓመት የሚተነው ውሃ ሐይቁ ላይ ከሚዘንበው ይበልጣል። ጉድለቱን የሚሞሉት የተራሮቹ ወንዞች ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ የምንበላው ቲማቲምና ሽንኩርት ብዙው በዚህ ሐይቅና በወንዞቹ ውሃ የበቀለ ነው። የአበባ እርሻዎቹም፣ የወይን ተክሉም፣ የባቱ ከተማ ቧንቧም ከዚሁ ይጠጣሉ። አብያታ ዓመት ከዓመት እየሸሸ ዳርቻው ነጭ ጨው መሬት የሆነው ከላይ የሚወርድለት ውሃ ስላነሰውና ከራሱም ስለተቀዳበት ነው።

አጎቴ ከሐይቁ ትንሽ ገባ ብሎ ግማሽ ሄክታር ሽንኩርትና ከዚያ ያነሰ ቲማቲም አለው። መሬቱ የራሱ ነው፤ የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ግን ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር በጋራ ነው የገዛው፤ ተራ ይጠብቃል። ስንደርስ የማሳው ዳር ያለችው ዳስ ሥር ቁጭ ብሎ ሰማይ ሰማይ ያያል። ተሳሳምን። እናቴ ቡና ሳትጠጣ ወደ ማሳው ገባች።

"አሁን ሽንኩርቱን ጠይቂው" አላት።

ቅጠሉ ግማሹ ወደ መሬት ተጋድሟል። እኔ የታመመ መስሎኝ ነበር። አጎቴ አንዱን ነቅሎ አሳየን፤ አንገቱ ቀጥኗል፣ ለስልሷል፣ የላይኛው ልጥ እንደ ወረቀት ይንሻጠጣል። ገና በዋለ ማግስት ነው ችግኙን ከመደብ ያዛመተው፤ መቶ ቀን አልፎታል። ሽንኩርት ሥሩ አጭር ነው፤ የሚጠጣው ከላይኛው አንድ ክንድ ከማይሞላ አፈር ነው። ስለዚህ በወጣትነቱ ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት ጥቂት ይፈልጋል። አንድ ሳምንት ከተረሳ ማደጉን ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ሲያገኝ ለሁለት ይሰነጠቃል። ሲደርስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቅጠሉ መውደቅ ሲጀምር ውሃ ይቆማል፤ ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል ከዚያም በላይ። ያኔ ነው አንገቱ የሚዘጋው፣ ልጡ የሚደርቀው። አንገቱ ያልተዘጋ ሽንኩርት ክዳኑ እንደተከፈተ እንስራ ነው፤ የሚያበሰብሰው ሁሉ በዚያ በኩል ይገባል።

"ታዲያ የኔው ለምን ውሃ ሆነ?" አለች እናቴ።

መልሱን አጎቴ ሳይሆን በሞተር ሳይክል የመጣ ወጣት ደላላ ነው ያመጣው። ትሑት ልጅ ነው፤ እናቴን ጎንበስ ብሎ ጨበጣት። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞሮ፣ "ጋሼ፣ መኪናው ማክሰኞ ይገባል። እሑድ አንድ ጊዜ ውሃ ቢያጠጡት ምን ይመስልዎታል? ኪሎው ይነሳልዎታል" አለው።

አጎቴ "አላጠጣም" አለ። ልጁ ትከሻውን ነቀነቀ። "ሁሉም ያጠጣል፤ የእርስዎ ብቻ ቀሎ ይቀርብዎታል" ብሎ ሄደ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሽንኩርት የሚሸጠው በክብደት ነው። ሊነቀል ሁለት ቀን ሲቀረው የጠጣ ሽንኩርት ይወፍራል፣ ያበራል፣ ሚዛን ላይ ይከብዳል። ገበሬው በውሃ ገንዘብ ያገኛል፤ ደላላውም ነጋዴውም አይጎዳም፤ ምክንያቱም ሽንኩርቱ ከእጃቸው እስኪወጣ ድረስ አይበሰብስም።

እናቴ ወንድሟን አየችው። "አንተስ አድርገኸው ታውቃለህ?"

ዝም አለ። ቆይቶ፣ "አምና አድርጌያለሁ። የሞተሩ ዕዳ ነበረብኝ" አለ።

"እሺ፣ የበሰበሰው እኔ ቤት ነው" አለችና ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም።

ልጄ የጠቀለለውን ቲማቲም ያወጣው ያኔ ነው፤ ለአጎቴ ይህ እፎይታ ነበር መሰለኝ። ፍሬውን አገላብጦ አየና፣ "ይሄ በሽታ አይደለም" አለው። "ስንት ቀን አንዴ ታጠጣዋለህ?"

"ሳስታውስ" አለ ልጄ።

"ስታስታውስስ?"

"ባልዲ ሙሉ።"

ቲማቲም ፍሬውን የሚያጠነክርበትን ካልሲየም ከአፈር የሚያገኘው ከውሃ ጋር ተሸክሞት ሲመጣ ነው። ውሃው ሲቋረጥ መጀመሪያ የሚራበው ከግንዱ የራቀው የፍሬው ጫፍ ነው፤ ጠቁሮ ይጎደጉዳል። ከሦስት ቀን በኋላ ባልዲ ሙሉ ቢደፉበት የጠቆረው አይመለስም፤ እንዲያውም ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ፍሬው ከቆዳው ፈጥኖ ያብጥና ይሰነጠቃል። አጎቴ ለልጄ የሰጠው ምክር በየቀኑ ማለዳ፣ አንድ ልክ፣ ከግንዱ ሥር እንዲያጠጣ ነው። ቅጠሉ ላይ እንዳይረጭ፣ ባልዲው ሥሩ ቀዳዳ እንዲኖረው፣ አፈሩን በደረቅ ሣር እንዲሸፍን። ማዳበሪያ ፍለጋ እንዳይሮጥም ነገረው። እኔ ግን ከዚያ ሳምንት በፊት ስንት የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተን እንደጨመርን አልተናገርኩም።

የራሱን ቲማቲም ሲያሳየን ግን ድምፁ ተቀየረ። በእንጨትና በሲባጎ የተደገፈ፣ ታችኛው ዘለላ የቀላ፣ የሚያምር ማሳ ነው። "ቲማቲም ውሃ ይወድዳል፤ ዝናብ ግን አይወድድም" አለን። መጀመሪያ ቃላት የሚያጣፍጥ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በቦይ የሚሄድ ውሃ ሥሩን ያጠጣል፣ ቅጠሉን ደረቅ ይተወዋል። ዝናብ ቅጠሉን ያርሳል፣ አፈሩን ወደ ላይ እየረጨ ታችኛውን ቅጠል ያቆሽሻል፣ ከአፈሩ ጋር በሽታውንም ያወጣል። ሰማዩ ተዘግቶ፣ ቅዝቃዜ ተጨምሮ፣ ቅጠሉ ሁለት ሦስት ቀን ሳይደርቅ ከሰነበተ ምች ይገባል። ምች ገብቶ ማሳው በሳምንት ውስጥ በእሳት የተለበለበ መስሎ ሲቀር አይቷል። ክረምት ላይ ቲማቲም ሲወደድ እናቶች "ዝናቡ እያለ ምነው ተወደደ?" ይላሉ። እኔም ብዬ አውቃለሁ። የሚወደደው ዝናቡ ስላለ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሐይቁን ልናይ ሄድን። ስለ ሐይቁ ብዙ የምለው የለኝም፤ አባ ኮዳዎች፣ የደንገል ታንኳ፣ የዓሣ ጥብስ ሽታ፤ እናቴ በጾሙ ምክንያት አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ዞራ ተሳለመች። ልጄ ከውሃው ዳር የተደረደሩትን ሞተሮች ቆጥሮ ዐሥራ አራት ላይ ሰለቸው። ያየሁት የቀረው ነገር አንድ ነው፤ ከሐይቁ ማዶ፣ በአርሲ ተራሮች ላይ፣ ሰማዩ እንደ ብረት ምጣድ ጠቁሮ ነበር። አጎቴም አይቶታል። ወደ መኪናው የተመለሰው በፍጥነት ነው።

ሽንኩርቱን ሊነቅል ያሰበው ሰኞ ነበር። ዛሬ ቢነቀል ልጡ ትንሽ ይጎድለዋል፤ ካልተነቀለና ዝናቡ ከመጣ ደግሞ ደላላው እሑድ እንዲያጠጣለት የለመነውን ሰማይ በነጻ ያጠጣለታል። ከነቀለና ሳይሸፍን ከዘነበበት ከሁሉም የከፋ ነው፤ የተነቀለ ሽንኩርት ጭቃ ላይ ሁለት ሌሊት አያድርም። የአጎቴ ባለቤት "ይነቀል" አለች። እሱ ሰማዩን አየ፣ ስልኩን አየ፣ እንደገና ሰማዩን አየ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ "ይነቀል" አለ።

ከወላይታና ከከምባታ ለሥራ የመጡ ስምንት ወጣቶች አገኘ። ከእኛ ጋር ዐሥራ ሦስት ሆንን። እናቴን ተቀመጪ ብንላትም አልሰማችንም፤ ጥላ ሥር በርጩማ አስመጥታ ቅጠል በማጭድ ትቆርጥ ጀመር። አንገቱን ሁለት ጣት ያህል ተይለት ሲላት፣ "አውቃለሁ" አለችው፤ አታውቅም ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ነፋሱ ተነሳ። የተነቀለው ከማሳው እኩሌታ አይሞላም። መጋዘኑ የቻለውን ያህል ገባ፤ ውጭ ለቀረው ክምር መሸፈኛ የለም። ያኔ አንዱ ጎረቤት የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ የያዘው እሱ መሆኑ ትዝ አለው። ለለቅሶ የሚተከለው ድንኳን በአህያ ጋሪ መጥቶ ሽንኩርት ላይ ተዘረጋ። እናቴ አማተበችና፣ "እንኳን ለዚህ ሆነ" አለች።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዘነበ። ቆርቆሮው ሥር ሆኖ ማውራት አይቻልም ነበር። አጎቴ መብራት ሳያበራ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ እናቴም አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። ሁለቱም ምንም አላሉም። ልጅ ሳሉ አባታቸው የበረዶ ዝናብ ስንዴውን ሲመታበት እንዲሁ ይቀመጥ እንደነበር እናቴ በኋላ ነገረችኝ።

ማለዳ ልጄን የቀሰቀሰው አጎቴ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ አለ፤ ዝናብ የሚለካበት። አፉና ሥሩ እኩል የሆነ ማንኛውም ጣሳ ይሠራል። ልጄ የትምህርት ቤት ማስመሪያውን ሥሩ ድረስ ሰደደ፤ 24 ሚሊ ሜትር። አጎቴ ሒሳቡን አሠራው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ግማሽ ሄክታር 5,000 ካሬ ሜትር። ስለዚህ በአንድ ሌሊት ሽንኩርቱ ማሳ ላይ 120,000 ሊትር ወርዷል፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ቢሆን 600 በርሜል። "ይሄን ሞተሩ እንዲያወጣው ብትለው ስንት ቤንዚን ይጠጣ ነበር!" አለው፤ እንደሚያደንቅ ሰው።

በአጥሩ ማዶ ጎረቤቱ በሬዎቹን እየነዳ ይሄዳል። በቆሎ የሚዘራበት መሬት ይህን ዝናብ ስትጠብቅ ወር ሞልቷታል። ሰውየው በኦሮምኛ ፈጣሪውን እያመሰገነ ሰላም አለው። አጎቴም በዚያው ቋንቋ አመሰገነ። ፊቱን አየሁት፤ ከልቡ ነው።

ማሳው ላይ ግን ሌላ ነው። ያልተነቀለው ሽንኩርት ቦዩ ውስጥ ውሃ እንደተኛበት ቆሟል። የቀሉት ቲማቲሞች እኩሌታ ያህሉ ከግንዱ ዙሪያ ተሰንጥቀዋል። ጥግ ላይ ያሉት አምስት ፓፓያዎች ያሳሰቡት ከሁሉ በላይ ነው፤ የፓፓያ ሥር ውሃ ውስጥ ሁለት ቀን ከዋለ ታፍኖ ይሞታል። ቁርስ ሳይበላ አካፋ ይዞ ማፋሰሻ ቆፈረላቸው። የቀላውን ቲማቲም ሁሉ ያን ጠዋት አስለቀመ፤ ምክንያቱን እናቴ ጠየቀችው። ምች እንዳይገባ መድኃኒት መርጨት አለበት፤ ከተረጨ በኋላ ደግሞ ዕቃው ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ መልቀም አይገባም። "ሁሉም ቀኑን ይጠብቃል?" አለችው። "እኔ እጠብቃለሁ" አላት፤ ትናንት ስለ ውሃው ከመለሰላት በኋላ ይህን ማለት ከበደው፤ አየሁት። "ብቻ አንቺ በደንብ እጠቢው።"

ደላላው ቀን ላይ መጣ። ማሳ ውስጥ ያለውን እርጥቡን በርካሽ አነሳ፤ ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፤ አጎቴ አይወድድም። ከድንኳኑ ሥር ያለውን ግን አልሰጠውም። መጋዘኑ ውስጥ በቆጥ ላይ አሳስቶ ዘርግቶ፣ በሩንና መስኮቱን ከፍቶ አናፈሰው።

እኛ ሁለት ኩርቱ ይዘን ተመለስን፤ አንዱ ከደረቁ፣ አንዱ ከእርጥቡ። ሐሳቡ የእናቴ ነው፤ "ለራሴ ልይ" አለች። ቤታችን ስንደርስ የደረቀውን በረንዳ ላይ በካርቶን ዘረጋችው፤ ፌስታል ውስጥ ማስቀመጥ ክልክል ሆነ፤ ከድንች ጋር ማስቀመጥም ክልክል ሆነ፤ ድንቹ እርጥበት ያወጣልና። አንገታቸው ወፈር ያለውን እየለየች ለጾሙ ሽሮ ቀድማ ተጠቀመችበት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከእርጥቡ ዐሥራ አንዱን ጣልን። ከደረቁ አንድም አልጣልንም። የቅዳም ሥዑር ዕለት ለዶሮው ስንልጥ ልጡ እየተንኮሻኮሸ ይወርዳል፤ እንባችን ግን ያው ነው።

አጎቴ ሐሙስ ዕለት ደውሎ ነበር። መጋዘን ያቆየውን ሽንኩርት ለበዓሉ ገበያ ሸጦታል፤ የእርጥቡን ኪሳራ ሙሉ በሙሉ ባይሸፍንም ለሞተሩ ዕዳ የመጨረሻውን ከፍሏል። ቲማቲሙን ምች በአንድ ጥግ ነክቶት ቆሟል። ፓፓያዎቹ አራቱ ተርፈዋል።

ልጄ በየማለዳው ለትምህርት ቤት ሳይለብስ በአንድ ኩባያ ውሃ ያጠጣል። ከባልዲው አጠገብ ባዶ የድልህ ጣሳ አስቀምጧል፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ በእርሳስ ይጽፋል። ትናንት ማታ ሲያካፋ ነበር፤ ዛሬ የጻፈውን አየሁት፤ 7 ሚሊ ሜትር።